በበይነ መንግሥታት ድርጅቶች የአፈጻጸም ምዘና ምንድን ነው?

የአፈጻጸም ምዘና ማለት አንድ ድርጅት ሊያመጣ ያሰበውን ለውጥ አስቀድሞ በግልጽ አስቀምጦ፣ ለውጡ የሚታይበትን አመልካች ከነመነሻው መዝግቦ፣ በየጊዜው እየለካ ሥራውን የሚያርምበት አሠራር ነው። አባላቱ መንግሥታት በሆኑበት ድርጅት ውስጥ ግን ይህ ቀላል አይደለም፤ እንደ ነጋዴ ትርፍና ኪሳራ አይቶ ራሱን አይለካም፣ ግቡም በድርድር የሚጻፍ በመሆኑ ሁሉን ለማስማማት ሲባል ይድበሰበሳል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ውጤት ተኮር በጀትን አጸደቀ፤ እያንዳንዱ መምሪያም የሚጠበቅበትን ውጤትና አመልካቹን መጻፍ ግዴታው ሆነ። ይሁንና በ2008 የድርጅቱ የራሱ የውስጥ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት አሠራሩን ሲገመግም፣ ለተጠያቂነትም ሆነ ለውሳኔ እምብዛም የማይጠቅም የቢሮ ጣጣ ሆኖ አገኘው። ቅጹ ይሞላል፣ ቁጥሩም ይላካል፤ የመምሪያው በጀት የሚወሰነው ግን በሌላ መንገድ ነው። በእኔ ግምት የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው፦ ቁጥሩን ለውሳኔ የሚፈልግ ኃላፊ ከሌለ፣ የቱንም ያህል ባለሙያ ቢሠለጥንና ሶፍትዌር ቢገዛ ምዘናው ከይስሙላ አያልፍም።

ሌላው የሥልጣን ወሰን ነው። አንድ ድርጅት የጉምሩክ ሠራተኞችን ያሠለጥናል እንበል። «የሠለጠኑ ሰዎች ብዛት» ከስም መቆጣጠሪያ ወረቀት ላይ ወዲያው ይቆጠራል፤ «የጭነት መኪና ድንበር ላይ የሚቆምበት ሰዓት» ግን መረጃው በአባል አገሩ እጅ ያለ፣ ለውጡም በዚያው መንግሥት ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የማያዝበትን ውጤት ትቶ በእጁ ያለውን ቢቆጥር አይፈረድበትም።

የገንዘቡ ምንጭም ይወስናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአባላቱ መደበኛ መዋጮ ያገኝ የነበረው ከበጀቱ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን፣ የቀረው በአብዛኛው ለጋሾች ለተወሰነ ሥራ ብለው የሚሰጡት ነው፤ እያንዳንዱ ለጋሽ የራሱን ሪፖርት ሲጠይቅ የድርጅቱ የጋራ መለኪያ ወደ ጎን ይገፋል። አባል አገራቱ በ2022 መዋጮውን ደረጃ በደረጃ ወደ መሠረታዊ በጀቱ ግማሽ ለማድረስ የተስማሙት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት ደግሞ ከዚህም የሚቀድም ጉድለት ነበረበት፤ የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ለመሪዎች ባቀረቡት የማሻሻያ ሪፖርት፣ ጉባኤው ካሳለፋቸው ከ1,500 በላይ ውሳኔዎች ስንቱ እንደተፈጸመ በቀላሉ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ እንደሌለ አስፍረዋል።