ደም ያሳለ ልጅ ሁሉ ቲቢ አይደለም

ሕፃናት ክፍል ስሠራ ዓመታት ሆነኝ። እናት የነጠላዋን ጫፍ ፈታ ደም የነካ ሶፍት ታወጣና ገና ምንም ሳልጠይቃት «ቲቢ ነው አይደል?» ትለኛለች። ጎረቤት ነግሯት ነው የመጣችው። ልጁን ማንም ሳያየው በሽታው ስም ማግኘቱ ነው የሚያናድደኝ።

ከልጅ አፍ የወጣ ደም ብዙውን ጊዜ ከሳንባ አይደለም። ሌሊት ይነስረዋል፣ ደሙ በጉሮሮው ይወርዳል፣ ጠዋት ያስለዋል ወይም ያስታውከዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አፍንጫውን፣ ድዱን፣ ጉሮሮውን አያለሁ። አረፋ ያለው ደማቅ ቀይ ከሆነ ሳንባን እጠረጥራለሁ። የቡና አተላ የመሰለው ከጨጓራ ነው።

አንዴ ከገጠር የሰባት ዓመት ልጅ መጣ። ሦስት ሳምንት ደም ተፍቷል። አባቱ «ቲቢ ነው» ተብሎ መኝታውንም ብርጭቆውንም ለይቶበታል። ራጁ ንጹሕ፣ የአክታ ምርመራው ንጹሕ። «ውሃ ከየት ነው የምትጠጣው?» አልኩት። «ከብቶቹን ከማጠጣበት ወንዝ።» በባትሪ ስናይ ከእንጥሉ ጀርባ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል። አልቅት! አልቅት ሲነክስ አያምም፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገርም ይለቃል። ለዚህ ነው ልጁ ገርጥቶ የመጣው። ሐኪሙ በመቆንጠጫ አወጣው። አባትየው ልጁን ትቶ አልቅቱን ያያል። እናንተ ግን ቤት ውስጥ ለመጎተት አትሞክሩ፣ ወደ አየር ቧንቧ ሊወርድ ይችላል።

ከዚህ የባሰው ግልባጩ ነው፦ «ደም ስላልሳለ ቲቢ የለበትም።» ትንንሽ ልጆች ቲቢ ይዟቸውም ደም የሚያስሉት ከስንት አንዴ ነው። ደሙ በአብዛኛው የሚመጣው ሳንባ ሲቦረቦር ነው፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ የሚታየው በጎረምሶችና በአዋቂዎች ላይ ነው። የሕፃኑ ምልክት ሌላ ነው፦ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ እምቢ ያለ ኪሎ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው። አያትየው «ብርድ ነው» እያሉ ልጁን ታቅፈው ሲያስሉ ይከርማሉ፣ እኛ ልጁን ስንመረምር እሳቸውም ቲቢ ይዟቸው ይገኛሉ። «ቢሲጂ ተከትቧል» አትበሉኝ። ክትባቱ በተለይ የሚከላከለው እንደ አንጎል ሽፋን ቲቢ ያለውን ከባዱን ዓይነት ነው፤ ሙሉ ዋስትና አይደለም።

«እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» ለሚሉ፦ ምላጭ ደም ያፈሳል እንጂ ሳል አያድንም።

«ደሟ ትንሽ ናት፣ ምንም አይደል» የሚለውም አይሠራም። ልጅ አክታውን ይውጣል፣ የምታዩት የተረፈውን ነው። ከወራት በፊት ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ሲበላ ትን ብሎት ከነበረ ንገሩን፤ ፍሬው ሳንባ ውስጥ ተሸጉጦ ሊሆን ይችላል። ሲሮጥ ቶሎ የሚደክመውን ልጅ ልቡንም እናየዋለን፣ የልብ በር ሲጠብ ደም ወደ ሳንባ ይጠራቀማልና። የሳንባ ምችም ደም የነካው አክታ ያመጣል።

ትንፋሽ ካጠረው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ደሙ ካልቆመ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ካርድ በኋላ ይወጣል። በመንገድ ላይ ቁጭ አድርጉት፣ በጀርባው አታስተኙት። ሶፍቱንም አትጣሉ፣ ካልሆነም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። በቀደም አንዷ እየተንቀጠቀጠች ያሳየችኝ ፎቶ የምሳ ቀይ ስር ሆኖ ተገኘ።