ዶከር ኮምፖዝ ምንድን ነው?

በብሎክቼይን (ግብይቶች በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሰንሰለት መልክ የሚመዘገቡበት የጋራ መዝገብ) ላይ የሚሠራ የገንዘብ ማሰባሰቢያ መተግበሪያ ለለጋሹ አንድ ድረ ገጽ ብቻ ነው። ከገጹ ጀርባ ግን ጥያቄ የሚቀበል ሰርቨር፣ የዘመቻዎቹን ጽሑፍና ፎቶ የሚያስቀምጥ ዳታቤዝ፣ በሰንሰለቱ ላይ የገባውን ልገሳ እየተከታተለ የሚመዘግብ ፕሮግራም፣ ከብሎክቼይኑ ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም፣ ማለትም ኖድም አለ። ኮንቴይነር እያንዳንዱን ፕሮግራም ከሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች (ዝግጁ የኮድ ስብስቦች) ጋር ጠቅልሎ ለብቻው ያስኬዳል። ዶከር ኮምፖዝ ደግሞ እነዚህን ኮንቴይነሮች በአንድ የያምል ፋይል (ቅንብር በሚጻፍበት የጽሑፍ ፋይል) ዘርዝሮ፣ በአንድ ትእዛዝ በአንድ ማሽን ላይ የሚያስነሣ መሣሪያ ነው። መነሻው ፊግ የተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ የዶከር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 የራሱ አደረገው።

ኮምፖዝ በፋይሉ ለተዘረዘሩት ፕሮግራሞች፣ ማለትም ለአገልግሎቶቹ፣ የጋራ ኔትወርክ ይፈጥርላቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም በስም ይገናኛሉ። ኖዱ በፋይሉ ላይ «ቼይን» ከተባለ፣ ሰርቨሩ በዚሁ ስም በ8545 ፖርት (ኖዱ ጥያቄ በሚቀበልበት የበር ቁጥር) ያገኘዋል። «ሎካልሆስት» (እዚሁ ራሱ ማሽን ላይ ማለት ነው) ብሎ ከፈለገው ግን የሚያገኘው ራሱን ነው። የለጋሹ ብራውዘር ደግሞ ከኔትወርኩ ውጭ ስለሆነ «ቼይን» የሚለውን ስም አያውቀውም፤ ለእርሱ ወደ ውጭ የተከፈተ አድራሻ ያስፈልገዋል።

ሌላው ነጥብ መነሣትና ዝግጁ መሆን የተለያዩ መሆናቸው ነው። አንዱ አገልግሎት ከሌላው በኋላ እንዲነሣ የሚያዘው «ዲፔንድስ ኦን» የሚለው መስመር ብቻውን ሲጻፍ ዳታቤዙ መነሣቱን እንጂ ጥያቄ ለመቀበል መድረሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ዳታቤዙ ዝግጁ መሆኑን የሚፈትሽ የጤንነት ምርመራ ሊጨመርበት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ስማርት ኮንትራቱ፣ ማለትም በብሎክቼይኑ ላይ ተጭኖ ልገሳውን የሚይዘው ፕሮግራም ነው። ኮንቴይነር ሊጣልና ሊተካ የተሠራ ነገር ነው። በዋናው ሰንሰለት ላይ የተጫነ ኮንትራት ግን የሰዎችን ገንዘብ ይዞ በቦታው ይቆያል። ኮንትራቱን የሚጭነው ስክሪፕት እንደ ሌሎቹ አገልግሎቶች ሲስተሙ በተነሣ ቁጥር እንዲሠራ ከተደረገ፣ በየጊዜው አዲስ ኮንትራት ይጫናል። ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን የኮንትራት አድራሻ እንደተለመደው የሚሰላው ከጫኙ አካውንትና አካውንቱ እስከዚያ ከላካቸው ግብይቶች ቁጥር ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው ኮንትራት ሌላ አድራሻ ይይዛል። ድረ ገጹ ወደ አዲሱ ያመለክታል፤ የቀደሙት ለጋሾች ገንዘብ በአሮጌው ውስጥ ይቀራል።

ይህ ስሕተት በሙከራ ጊዜ መደበቁ ያሳስበኛል። የሙከራው ኖድ ሁልጊዜ ከባዶ ሲነሣ የግብይቶቹ ቁጥርም ከዜሮ ይጀምራል፤ አድራሻው በየጊዜው ያው ይሆንና ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። ስለዚህ ኮንትራቱን የመጫኑ ሥራ በ«ፕሮፋይል» (አንድ አገልግሎት ሲጠራ ብቻ እንዲነሣ በሚያደርግ የኮምፖዝ ቅንብር) ከሌሎቹ ተለይቶ በሰው ትእዛዝ ብቻ ይሂድ፤ አድራሻውም በቋሚነት ይመዝገብ። ልገሳ የሚከታተለው ፕሮግራምም መጨረሻ ያነበበውን ብሎክ (በሰንሰለቱ ላይ ያለ የግብይቶች ጥቅል) በዳታቤዙ ይጻፍ፤ ዳግም ሲነሣ ካቆመበት ይቀጥላል። ዳታቤዙ ራሱ በስም በተሰየመ ቮልዩም (ኮንቴይነሩ ቢጣልም በሚቆይ ማከማቻ) ላይ ይቀመጥ፤ ሲስተሙን የሚያወርደው «ዳውን» የሚለው ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ቮልዩም አይነካም፣ «ቪ» የሚለው ምልክት ከተጨመረበት ግን ያጠፋዋል።

የጫኙ አካውንት የግል ቁልፍ (በአካውንቱ ስም ለመፈረም የሚያስችለው ምስጢር) ደግሞ ወደ ኢሜጁ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ወደሚነሣበት ጥቅል፣ መግባት የለበትም። ኢሜጅ የሚሠራው በንብርብር ነው፤ በኋለኛው ንብርብር የተሰረዘ ፋይል በቀደመው ውስጥ ይኖራል፤ ኢሜጁን ያወረደ ሁሉ ሊያወጣው ይችላል። ቁልፉ ጭነቱ በሚካሄድበት ሰዓት ብቻ ከውጭ ይሰጥ።