ፔምፊገስና ፔምፊጎይድ፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ፔምፊገስና ፔምፊጎይድ ቆዳ ውሃ እንዲቋጥር የሚያደርጉ ሁለት በሽታዎች ናቸው። ባሕር ዳር የደንገል ታንኳ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ደንገሉ ምንም ቢያምር፣ ማሰሪያው ከላላ ታንኳው ይበተናል። የቆዳችን ሴሎችም እርስ በርስ የሚያያዙት ዴስሞዞም በሚባሉ ጥቃቅን ማያያዣዎች ነው። በፔምፊገስ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ዴስሞግሌይን የተባለውን የማያያዣውን ፕሮቲን ያጠቃል። ሴሎቹ ይላቀቃሉ፤ ቆዳው ውሃ ይቋጥርና ቶሎ ይፈነዳል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከአፍ ቁስል ስለሆነ፣ አልድን ያለ የአፍ ቁስል ካለ ሐኪም ይየው።

ፔምፊጎይድ ሌላ ነው። እዚያ የሚጎዳው የላይኛውን ቆዳ ከታችኛው ጋር የሚያጣብቀው ሄሚዴስሞዞም ነው። የቋጠረው ውሃ ጠለቅ ስለሚል ቶሎ አይፈነዳም።

ሁለቱም አይተላለፉም። አብሮ መብላትም፣ መጨባበጥም ችግር የለውም፤ እባካችሁ በሽተኛውን አታግልሉ። ዋናው መድኃኒት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ፣ የሰውነት መከላከያን የሚያለዝብ ስቴሮይድ ነው፤ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ጠበል የሚሄድም ክኒኑን ይዞ ይሂድ።