ኳሉንኲዝሞ ምንድን ነው? የጣሊያን ፖፑሊዝም የተነሣበት ሐሳብ

ኳሉንኲዝሞ በጣሊያን «ፓርቲዎቹ ሁሉ ያው ናቸው፤ የሚጣሉት ወንበሩን ማን ይያዘው በሚለው ብቻ ነው» የሚል የፖለቲካ አቋም ነው። ሰውን በግራና በቀኝ አይከፍልም፤ ከፖለቲካ የሚበላና ለፖለቲካ የሚከፍል ብሎ ነው የሚለየው። ስሙን ያወረሰው ዲሴምበር 27 ቀን 1944 ሮም ውስጥ መታተም የጀመረው «ሉዎሞ ኳሉንኴ» የተባለ ጋዜጣ ነው፤ «ማንኛውም ተራ ሰው» እንደማለት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ባለቤት የነበረውን በርሉስኮኒን ወይም የአምስት ኮከብ ንቅናቄን፣ ማለትም ተራውን ሕዝብ በፖለቲከኞች ላይ የሚያነሣውን ፖፑሊዝም፣ መረዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ ጋዜጣ ቢጀምር ይሻለዋል።

ጋዜጣውን የመሠረተው ጉልዬልሞ ጃኒኒ በ1891 ከኔፕልስ አጠገብ ባለችው ፖትሱኦሊ የተወለደ የተውኔት ደራሲና ጋዜጠኛ ነበር። ወንድ ልጁ በጦርነቱ ዘመን፣ በ1942፣ በአየር ኃይል ሲያገለግል ሞቶበታል። ስለ ፖለቲከኞች ሲጽፍ የሚነበበው ምሬት መነሻው ይህ ሐዘን መሆኑን ችላ ማለት አይገባም። በጋዜጣው ርዕስ ትልቁ ፊደል ውስጥ በመጭመቂያ ማሽን የሚጨፈለቅ አንድ ትንሽ ሰው ተሥሎ ነበር። «ተርቦቹ» በተባለው ዓምድ ደግሞ ጃኒኒ የታላላቅ ሰዎችን ስም እያጣመመ መሳለቂያ ያደርጋቸው ነበር። የጋዜጣው መፈክር ወደ አማርኛ ቢመጣ «ከእንግዲህ አታድርቁን» ነው የሚሆነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ሽያጩ መቶ ሺዎችን አለፈ።

ለምን እንዲህ ተነበበ? በፋሺስቱ ዘመን የመንግሥት ሥራ የሚፈልግ ሰው የፓርቲውን መታወቂያ መያዝ ነበረበት። ሙሶሊኒ በ1943 ሲወድቅ ስድስት ፀረ ፋሺስት ፓርቲዎች በአንድ ኮሚቴ ተሰባስበው ሥልጣኑን ተከፋፈሉ፤ ቀጥሎም ፋሺስቶችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የማጽዳት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው ላይኛውን ሹም ብዙ ጊዜ ሲያልፈው ታችኛውን ጸሐፊ፣ መምህርና ፖስተኛ ግን እያስጠራ አስጨነቀ። ደመወዙን የዋጋ ንረት የበላበት ይህ ሰው «ትናንት በመታወቂያ ያስገደደኝ ፓርቲ ነበር፤ ዛሬ ስለ መታወቂያው የሚከሰኝም ፓርቲ ነው» ብሎ ቢያስብ አይገርምም። ጃኒኒ የጻፈው ለእሱ ነው።

አንባቢዎቹ የበዙት ከሮም ጀምሮ ወደ ደቡብ ነበር። ሰሜኑ ከ1943 እስከ ኤፕሪል 1945 በጀርመን ጦር ሥር ስለነበር አርበኞቹ ተዋግተዋል፤ ፓርቲዎቹም በዚያ ትግል ክብር አግኝተዋል። አብዛኛው ደቡብ ግን ነጻ የወጣው በእንግሊዝና በአሜሪካ ጦር ነው። እዚያ ፓርቲ ማለት ከጦርነቱ በኋላ ቢሮ ሊይዝ የመጣ ሰው ነበር።

የጃኒኒ ሐሳብ ዋናው ክፍል በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። እንደ እሱ አባባል ታሪክ ሁሉ በሁለት ወገን መካከል የሚደረግ ግጭት ነው፤ በአንድ በኩል ሠርቶ የሚኖረው ብዙኃኑ፣ በሌላ በኩል «የፖለቲካ ባለሙያዎች»። መንግሥት ርዕዮተ ዓለም አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው አስተዳደር ነው። ለዚህም አንድ ጥሩ የሒሳብ ሠራተኛ ይበቃል፤ ጃንዋሪ 1 ሥራ ይጀምራል፣ ዲሴምበር 31 ይለቃል፣ በምንም ምክንያት ዳግም አይመረጥም። እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለውን አባባል ሥር ለመንቀል የታሰበ መፍትሔ ነው ማለት ይቻላል። ጉድለቱ ግልጽ ነው። ግብር ከማን ይሰብሰብ፣ መሬት ለማን ይሰጥ የሚሉት ጥያቄዎች በሒሳብ አይፈቱም፤ መምረጥን ይጠይቃሉ፣ የመረጠ ደግሞ ወገን ይዟል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ቢጠይቅ ተገቢ ነው፦ ይህ ስሙን የለወጠ ፋሺዝም አይደለም ወይ? ሐሳቡ አይደለም። ፋሺዝም ሁሉ ነገር በመንግሥት ውስጥ ይሁን ሲል፣ ጃኒኒ መንግሥት ከቤቴ ይውጣልኝ ይላል። ደጋፊዎቹ መካከል ግን የቀድሞ ፋሺስቶች ብዙ ነበሩ። በሜይ 1936 ሙሶሊኒ ከሰገነቱ ላይ የኢትዮጵያን መያዝ ሲያውጅ አደባባዩን የሞላው ሕዝብ ከአሥር ዓመት በኋላ «ያለፈውን አትጠይቁኝ» ማለት ጀምሮ ነበር፤ ኳሉንኲዝሞም ለዚህ ዝምታ ቃል ሰጠው። እኔ ትልቁ ጥፋቱ ይህ ነው እላለሁ። ጣሊያን ኢትዮጵያ ውስጥ ለተፈጸመው ግፍ ማንንም ለፍርድ አላቀረበችም፤ ግራዚያኒ እንኳን በ1950 የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ተለቀቀ።

ጃኒኒ ፓርቲዎችን እየተቃወመ ራሱ ፓርቲ አቋቋመ። ጁን 2 ቀን 1946 በተደረገው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ 5.3 በመቶ ድምፅና ከ556 መቀመጫዎች 30 አገኘ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በተደረገው የከተማ ምርጫ ደግሞ ሮም ላይ ክርስቲያን ዴሞክራቶችን በለጠ። ከዚያ ወዲያ ወረደ። ምክር ቤት የገባ ሰው «ሁሉም ያው ናቸው» እያለ መቀመጥ አይችልም፤ ለቀረበው ረቂቅ እጁን ማውጣት ወይም አለማውጣት አለበት። የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ መሪና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ደ ጋስፔሪ በሜይ 1947 ኮሙኒስቶችንና ሶሻሊስቶችን ከካቢኔው ሲያስወጣ የጃኒኒ ሰዎች ይደግፉ አይደግፉ በሚል ተከፋፈሉ። ባለ ፋብሪካዎቹም ኮሙኒዝምን የሚያግድልን ክርስቲያን ዴሞክራሲ ነው ብለው ገንዘባቸውን ወደዚያ አዞሩ። በ1948 ምርጫ ከሊበራሎች ጋር ተጣምሮ የተገኘው 3.8 በመቶ ብቻ ነበር። ድርጅቱ ጠፋ፤ ቃሉ ግን ስድብ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ግራውም ቀኙም «ፖለቲከኛ ሁሉ ሌባ ነው» የሚልን ሰው «ኳሉንኲስታ» ብለው ይዘልፉት ጀመር።

ዘለፋው ለአርባ ዓመታት ያህል ሠርቷል፤ ፓርቲዎቹ ሥራና ቤት የሚያድሉ እስከሆኑ ድረስ ሰው አኩርፎም ይመርጣቸው ነበር። ያ የፈረሰው ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1992 ሚላኖ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ኃላፊ የነበረው ሶሻሊስቱ ማሪዮ ኪዬዛ 7 ሚሊዮን ሊሬ ጉቦ ሲቀበል እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ነው። ከእሱ የተነሣው ምርመራ በሁለት ዓመት ውስጥ ነባሮቹን ገዥ ፓርቲዎች አፈረሰ። ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ማታ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ክራክሲ ሮም ከሚገኘው ሆቴሉ ሲወጣ ሕዝቡ ሳንቲም ወረወረበት።

ባዶ የቀረውን ቦታ የያዘው በርሉስኮኒ ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1994 በቪዲዮ የተቀረጸ የ9 ደቂቃ ያህል ንግግር ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ላከ። ዕጩዎቹን በመመልመሉ ሥራ የተሳተፉት የራሱ የማስታወቂያ ድርጅት ሰዎች ነበሩ። አዲሱ የምርጫ ሕግ ከመቀመጫዎቹ ሦስት አራተኛውን ለአንድ ሰው ምርጫ ክልል ስለሰጠ፣ በሰሜን «ሮም ሌባ ናት» ከሚለው የቦሲ ሊግ ጋር፣ በደቡብ ደግሞ ከፋሺስቱ ወራሾች ጋር ሁለት የተለያዩ ጥምረቶች ሠራ። አጋሮቹ እርስ በእርሳቸው የማይስማሙ ነበሩ። በማርች አሸነፈ፤ በዲሴምበር ሊጉ ጥሎት ወጣና መንግሥቱ ወደቀ። ተመልሶ ለረጅም ጊዜ የገዛው በኋላ ነው።

ለጃኒኒ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በ2009 የተመሠረተው የአምስት ኮከብ ንቅናቄ ነው። መሥራቹ ግሪሎም ከመድረክ የመጣ ቀልደኛ ነው፤ ተመራጭ ከሁለት ዘመን በላይ እንዳያገለግል፣ ከማንም ጋር ጥምረት እንዳይደረግ የሚሉ ደንቦች አወጣ። በ2018 ምርጫ 32.7 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ሆነ። ብቻውን መግዛት ስላልቻለ ከሊጉ ጋር «ውል» ተፈራረመ፤ አባላቱም በኢንተርኔት 94 በመቶ ድምፅ አጸደቁለት። በ2019 ሊጉ ሲከዳው ሲያወግዘው ከኖረው ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጋር ገዛ፣ በ2021 ደግሞ የባንክ ሰው በሆነው በጠቅላይ ሚኒስትር ድራጊ ካቢኔ ውስጥ ከሞላ ጎደል ከሁሉም ጋር ተቀመጠ። በ2020 ሕዝበ ውሳኔ የምክር ቤት አባላትን ቁጥር ከ945 ወደ 600 ማስቀነሱ እውነተኛ ድሉ ነው። ያም ሆኖ በ2022 ድምፁ ወደ 15.4 በመቶ ወረደ።

በዚያ ምርጫ 26 በመቶ ያገኘችው የ«ጣሊያን ወንድሞች» ፓርቲ መሪ ሜሎኒ ከትልልቆቹ ፓርቲዎች መካከል ድራጊን ከውጭ ሆና የተቃወመች ብቸኛዋ ነበረች። የተቆጣው መራጭ ወደ እሷ የሄደበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነው። ፓርቲዋን ግን ኳሉንኲስታ ማለት ስሕተት ይሆናል። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው በዲሴምበር 1946 የሙሶሊኒ ተከታዮች ካቋቋሙት ማኅበራዊ ንቅናቄ ነው፤ የዚያን ንቅናቄ ባለ ሦስት ቀለም ነበልባል ዛሬም በአርማው ላይ ይዟል። ጃኒኒ ሲወድቅ ከመራጮቹ ከፊሉን የወሰደውም ይኸው ንቅናቄ ነበር።