የበጋ ሌሊትና ውርጭ በሰሜን ሸዋ ደጋና በስሜን ተራሮች

«ዊንተር» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ክረምት» ይላል። ለአውሮፓ ያስኬዳል፤ ለደብረ ብርሃን፣ ለመንዝ ወይም ለደባርቅ ሰው ግን ያሳስታል። በእነዚህ ደጋዎች ሁለት ዓይነት ብርድ አለ። የሐምሌና የነሐሴ ብርድ የቀን ብርድ ነው፤ ደመና ፀሐዩን ስለሚሸፍን እኩለ ቀን ላይ እንኳ ገላ አይሞቅም። ያው ደመና ግን መሬት የያዘችውን ሙቀት እንዳያመልጥ ስለሚያግድ ሌሊቱ ወደ ዜሮ የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ነገሩ ይገለበጣል፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፀሐይ ቆዳ ታቃጥላለች፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደጅ ያደረ ባልዲ ውኃ ገጹ ይረጋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ስለዚህኛው ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ከጥቅምት ይብሳሉ።

ባህላዊው የአየር ጠባይ ክፍፍል ከደጋ በላይ ያለውን፣ በግምት ከ3,200 ሜትር የሚጀምረውን ቀበቶ ራሱን «ውርጭ» ይለዋል። በዚህ ስሌት የመንዝ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውርጭ ነው፤ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ግን ደጋ ናት። ሌሊቱ ይህን ድንበር አያከብርም። የደብረ ብርሃን ሜዳ በኅዳር ከእሱ በ300 ሜትር ከፍ ካለ ተዳፋት ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ምክንያቱ የቅዝቃዜው አመጣጥ ነው።

ውርጭ የሚሠራው በአብዛኛው እዚያው በቦታው ነው። በበጋ ወራት ከሳይቤሪያና ከአረብ ባሕረ ገብ መሬት በኩል የሚጠናከረው ከፍተኛ የአየር ግፊት ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይገፋል። ይህ ነፋስ ሰማዩን ያጠራል፣ አየሩን ያደርቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመሬት ነው፦ ፀሐይ ስትጠልቅ መሬት የቀኑን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ መልሶ የሚልክላት ደመናም እርጥበትም የለም። በታኅሣሥ ሌሊቱ 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይረዝማል። ሙቀቱ በፍጥነት የሚወርደው ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ነው፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይቀጥልና ዝቅተኛው ነጥብ ላይ የሚደርሰው ጎሕ ሲቀድ ሳይሆን ፀሐይ ብቅ ባለችበት ሰዓት አካባቢ ነው። በደብረ ብርሃን ይህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በስሜን ደግሞ አሥር ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይሆናል። «ነጋ፣ አለፈ» ብሎ መሸፈኛ የሚያነሳ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈሳል። ከጋራው ይንሸራተትና በረባዳው፣ በወንዝ ዳርና በሜዳው ሆድ ይተኛል። ሞቅ ያለው አየር ከላዩ ስለሚቀር መሃል ተዳፋት ላይ ከታችም ከላይም የተሻለ የሙቀት መቀነት ይፈጠራል። ይህን በዓይን ለማየት የሚፈልግ ሰው ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» ይመልከት። በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘው ይህ ቆሻሻ የማቃጠል ልማድ ከተማውን ሁሉ ያጨሳል፤ ጭሱ ግን ወደ ላይ አይወጣም። ከጣሪያ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደ ተነጠፈ ሸማ ይዘረጋል። ጭሱ የቆመበት ከፍታ የቀዝቃዛው አየር ክዳን ነው።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በበጋ ትንበያዎቹ ስለ ሌሊትና ማለዳ ቅዝቃዜ ሲናገር ብዙ ጊዜ «ከ5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች» ይላል። ሰሚው 5 ከዜሮ በላይ ነው ብሎ ይዘናጋል። የጣቢያው ቴርሞሜትር ግን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ነጭ በተቀባ ወንፊታም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው። በጠራና በረጋ ሌሊት የሣር ጫፍ ወይም የድንች ቅጠል ከዚያ በ3፣ አንዳንዴም በ5 ዲግሪ ይበርዳል። ስለዚህ ጣቢያው 3 ካነበበ ማሳው ዜሮ ነክቷል ማለት ነው። ጣቢያው ኮረብታ ላይ፣ ማሳው ረባዳ ላይ ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። ጥሩው ዘዴ አንድ ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝቶ በማሳው ዝቅተኛ ቦታ፣ በሰብሉ ቁመት ልክ አስሮ ለጥቂት ሌሊቶች ከተነገረው ቁጥር ጋር ማነጻጸር ነው። ልዩነቱ ከታወቀ በኋላ የሬዲዮው ቁጥር ለዚያ ማሳ ትርጉም ያገኛል።

የዛሬን ሌሊት ለመገመት ከመሸ በኋላ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከዋክብት ጠርተው የሚታዩ ከሆነ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የማይነቃነቅ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ውሎ ማታ ጸጥ ካለ፣ ሌሊቱ ያሰጋል። እርጥበት ወሳኝ ነው። አየሩ እርጥብ ከሆነ በጊዜ ጤዛ ይወርዳል፤ ጤዛ ሲፈጠር ሙቀት ስለሚለቅ የሙቀቱን መውረድ ያዘገየዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሣሩ የረጠበበት ሌሊት ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ካልተረፈም ጠዋት ነጭ አመዳይ ሆኖ ይታያል። የከፋው ጤዛ የሌለው ሌሊት ነው። አየሩ በጣም ደረቅ ሲሆን ነጭ ነገር ሳይታይ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውኃ ይረጋል፤ ገበሬው ጠዋት ወጥቶ «ደህና ነው» ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ማሳው እንደ ተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ይጠብቀዋል። ደመና ከመጣ ስጋቱ ወዲያው ይነሳል። በበጋ መሃል አንዳንዴ ከቀይ ባሕር በኩል እርጥበት ገብቶ ሁለት ሦስት ቀን ያካፋል፤ ያ ዝናብ ውርጩን ያባርርና አውድማ ላይ ያለውን እህል ያበላሻል።

ጉዳቱ የሚወሰነው ሰብሉ ባለበት ዕድሜ ነው። ስንዴ በቡቃያነቱ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ይችላል፤ ግንድ ሲያወጣ አቅሙ ወደ −4 ገደማ ይወርዳል፤ ዘለላ ሲያወጣና ሲያብብ ግን በ−1 ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ አበባው ይመክናል። እሸት ሆኖ ወተት በያዘበት ጊዜ −2 ላይ ፍሬው ይጨማደዳል። ፍሬው ከጠነከረ በኋላ የሚመጣ ውርጭ ብዙ አይጎዳውም። የሰሜን ሸዋ ችግር ታዲያ የቀን መቁጠሪያ ችግር ነው። መረሬ አፈር በሐምሌ ውኃ ስለሚቋጥር ገበሬው ውኃው እስኪጠነፍፍ ዘግይቶ ይዘራል፤ የዘገየው ሰብል እሸት የሚይዘው ውርጩ በሚጀምርበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በደጋው ማሳ ውኃ ማጠንፈፍ፣ በከፍታ መደብና በቦይ መዝራት የውርጭ መከላከያም ነው፤ በጊዜ መዝራት ያስችላልና። ከዚህ የተሻለ መድኃኒት ያለ አይመስለንም፤ ሌላው ሁሉ የአንድ ሌሊት ማስታገሻ ነው።

ድንች ሌላ ወጥመድ ውስጥ ነው። በክረምት ዋግ ያጠፋዋል፤ ከዋግ ሸሽቶ በመስኖ በበጋ የተተከለው ደግሞ በ−1 እና በ−2 መካከል ቅጠሉ ይቃጠላል። ሥሩና የሚያቆጠቁጠው ዓይኑ አፈር ውስጥ ስላለ ገና በለጋነቱ የተመታ ድንች እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ስለዚህ በማግስቱ ማረስ ችኮላ ነው፤ ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ስንዴም ቢሆን ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው የሚመረመረው። ዘለላው ሲፈለቀቅ አረንጓዴ ወይም ቢጫ የሆነው የወንዴ ዘር ከረጢት ጤነኛ ነው፤ ነጥቶ የተኮማተረው መክኗል። አብዛኛው ከመከነ በጊዜ አጭዶ ለከብት ማድረግ ጭዱን ያተርፋል።

ከአንድ ሌሊት ማስታገሻዎች ውስጥ ውኃ ይቀድማል። ከአንድ ቀን በፊት በቀን ብርሃን የጠጣ አፈር የፀሐይን ሙቀት አከማችቶ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል፤ ትርፉ አንድ ዲግሪ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፣ ለብዙ ሌሊት ግን የሚያስፈልገውም ያችው ናት። በዚያ ሳምንት መኮትኮት ጉዳት አለው፤ የላላ ደረቅ አፈር ሙቀት አያስተላልፍም። ጭድም አጠቃቀሙ ይለያል፦ በለጋ ችግኝ ላይ ከላይ ከተጎዘጎዘ ይከላከላል፣ በተክሎች መካከል መሬት ላይ ከተነጠፈ ግን የአፈሩን ሙቀት ከታች አፍኖ ቅጠሉን ለብርድ ያጋልጣል። ፕላስቲክ የሚሸፍን ሰው በዱላ ከፍ ያድርገው፤ ፕላስቲኩ የነካው ቅጠል ካልተሸፈነው እኩል ይመታል። መሸፈን የሚገባው ማታ አፈሩ ገና ሳይቀዘቅዝ ነው፣ የሚነሳውም ፀሐይ ካሞቀች በኋላ። በመርጫ ውኃ የሚያርከፈክፍ ካለ በረዶው እስኪቀልጥ ማቋረጥ የለበትም፤ ውኃው መሃል ላይ ካለቀበት ባይጀምር ይሻለው ነበር፣ እርጥቡ ቅጠል በትነት ይብስ ይቀዘቅዛልና።

ማጨስ በየመንደሩ ይመከራል። ጭስ ለዓይን ይጋርዳል እንጂ መሬት የምትለቀውን ሙቀት ብዙም አያግድም፤ ጠዋት ደግሞ ፀሐዩን ይከለክላል። የሚጠቅመው እሳቱ ራሱ ነው፣ እሱም በየቦታው የተበተኑ ትናንሽ እሳቶች ከሆኑ። አንድ ትልቅ ደመራ ሞቃቱን አየር ወደ ላይ ይወስድና ከዙሪያው ቀዝቃዛ አየር ይስባል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የካብና የአጥር ነገር ነው። በተዳፋት ማሳ ግርጌ የተሠራ ጥቅጥቅ ያለ የድንጋይ ካብ ወይም የቁጥቋጦ አጥር ቀዝቃዛውን አየር እንደ ግድብ ያቁራል፤ ከካቡ በላይ ያሉት ጥቂት ትልሞች ሁልጊዜ ቀድመው ይቃጠላሉ። አንድ ሁለት ሜትር መክፈቻ መተው አየሩን ያፈስሰዋል። በማሳው ራስ በኩል ያለ አጥር ግን ከላይ የሚመጣውን ስለሚያዞር ይጠቅማል።

ለከብት ነገሩ ቀላል ነው፦ ጥጆችና ግልገሎች ደረቅ ጉዝጓዝና ነፋስ የማይገባበት በረት ካገኙ ብርዱን ይችላሉ፤ መንጋው አመዳይ የያዘ ሣር ላይ ከሚሰማራ ረፋድ 3 ሰዓት ድረስ ቢቆይ ይሻላል።

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያድር መንገደኛ ሒሳቡን በከፍታ መጀመር ይችላል። ደባርቅ 2,850፣ ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጭንቅ 3,620 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ቧሂት 4,430 ይደርሳል። በቀን በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ደባርቅ 20 ዲግሪ ሲሆን ጭንቅ 15፣ ቧሂት 10 ግድም ይሆናል። ሌሊት ግን ይህ ሒሳብ ይፈርሳል፤ ድንኳኑ የተተከለበት ቦታ ከከፍታው በላይ ይወስናል። እንደ ግጭ ያለ የሣር ሜዳ ላይ ዝቅተኛውንና ለጥ ያለውን ቦታ መምረጥ ለዓይን ያምራል፣ ለእንቅልፍ አይሆንም፤ አሥር ሜትር እንኳ ከፍ ማለት ይሰማል። ለ−5 የሚሆን ስሊፒንግ ባግ፣ ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ (ብርዱ ከመሬት ነውና)፣ ለማታ ብቻ የተቀመጠ ደረቅ ካልሲ ያስፈልጋል። የመጠጥ ውኃና የስልክ ባትሪ ከሰው ጋር ይተኛሉ። ከሰል ወደ ድንኳን ወይም ወደ ተዘጋ ክፍል አይገባም፤ ሽታ የሌለው ጋዙ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳያስነሳ ይገድላል። ጠዋት ገደሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከረፋዱ 4 እና 5 ሰዓት በኋላ ከቆላው የሚወጣው አየር ጉም ይዞ ጠርዙን መሸፈን ይጀምራል። ፎቶ የሚፈልግ ሰው ብርዱን መቀበል አለበት። ጅብራ ይህን ኑሮ ለምዶታል፦ ማታ ቅጠሎቹን ወደ መሃል ሰብስቦ ለጋውን እምብርት ይሸፍናል፣ ሲነጋ ይዘረጋል።

በመንገድ በኩል የሚያስቸግረው በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል ያለው ጣርማ በር ነው። ከሸዋ ሮቢትና ከደብረ ሲና ቆላ የሚወጣ አየር ዳገቱን ሲገፋ ይቀዘቅዝና መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ አካባቢ በድንገት ጉም ይሆናል። ረጅም መብራት ጉሙን ነጭ ግድግዳ ያደርገዋል፤ አጭር መብራትና ዝቅተኛ ፍጥነት ይሻላል። ከቆላ መጥቶ ደብረ ብርሃን የሚያድር መኪና ራዲያተሩ ውስጥ ተራ ውኃ ብቻ ካለ አንቲፍሪዝ ሊጨመርበት ይገባል፤ ውኃ ሲረጋ ስለሚሰፋ ራዲያተሩን ይሰነጥቃል። ከቤት ውጪ የተዘረጋ የሮቶ ቱቦም በዚሁ ምክንያት ይፈነዳል፤ ማታ ቧንቧውን በቀጭኑ እያንጠባጠቡ መተው ወይም ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለል ይረዳል።

ስለ በረዶ አንድ ነገር ይቀራል። አማርኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ የረጋውን ውኃም፣ እንደ ባዘቶ የሚረግፈውንም «በረዶ» ስለሚል ራስ ዳሽን ላይ «በረዶ ጣለ» ሲባል የትኛው እንደሆነ አይለይም። አብዛኛውን ጊዜ ተራራው ላይ ነጥቶ የሚታየው በዝናብ ወራት የወረደ የጠጠር በረዶ ክምር ነው። ባዘቶ መሳዩ አልፎ አልፎ ከ4,000 ሜትር በላይ ይረግፋል፤ እሱም ብርዱ በጠነከረባቸው የታኅሣሥ ሌሊቶች ብዙም አይመጣም፣ ሰማዩ ያን ጊዜ የሚያወርደው እርጥበት የለውምና።