ንቅሳት ቤት "ዕቃው ንጹህ ነው" ሲባል ምን ማለት ነው?

ንቅሳት ቤት ገብታችሁ "ዕቃው ንጹህ ነው" ብትባሉ ቶሎ አትርኩ። በሳሙና የታጠበ ዕቃ ደሙና ቆሻሻው ለቆታል፤ ጀርም ግን ይኖረዋል። በአልኮል ወይም በበረኪና የተጠረገ ከዚያ ይሻላል። ለወንበርና ለጠረጴዛ ይበቃል። ቆዳ ለሚበሳ ነገር ግን አይበቃም፤ ለምሳሌ አልኮል የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ስፖር (በጠንካራ ሽፋን ተሸፍኖ የሚቆይ የባክቴሪያ መልክ) አይገድልም።

ቆዳ የሚበሳ ሁሉ ስቴራይል መሆን አለበት፤ ማለትም በሕይወት ያለ አንድም ጀርም የሌለበት። ደጋግመው የሚጠቀሙበት የብረት ዕቃ ከታጠበ በኋላ ኦቶክሌቭ ይገባል። ማሽኑ በግፊት የታመቀ እንፋሎት ይጠቀማል፤ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ 15 ደቂቃ። በላይተር ማጋልማ ከቁጥርም አይገባ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን ካላችሁ፣ ጉበት የሚያጠቃውና በደም የሚተላለፈው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ 7 ቀን እንኳን ሊቆይ ይችላል።

መርፌ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ሴፍቲ ቦክስ፣ ማለትም ያገለገለ መርፌ ወደሚጣልበት ሳጥን። ፓኬቱ ፊታችሁ ይከፈት። የሚያበቃበትንም ቀን እዩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ቀለሙን ነው። አዲስ መርፌ ሌላ ሰው በተነቀሰበት ቀለም ውስጥ ከተነከረ ምኑን አዲስ ሆነ? ለእያንዳንዱ ሰው በትንሽ ኩባያ ተቀንሶ ይቀርባል። የተረፈው ይጣላል እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ማቅጠን ካስፈለገ በስቴራይል ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። በገጠር በአንድ መርፌና በአንድ ጥላሸት ተራ በተራ ሲነቀሱም አደጋው ይኸው ነው።

ጓንቱንም ተከታተሉ። ነቃሹ መሃል ላይ ስልኩን ካነሳ፣ ጓንቱን ቀይሮ ይቀጥል።