የስልክ ኔትወርክ ሞድ፦ 2ጂ፣ 3ጂ፣ 4ጂ ላይ ማድረግ ምን ይቀይራል

ኔትወርክ ሞድ ማለት ስልካችን የትኛውን የሞባይል ኔትወርክ ትውልድ መያዝ እንደሚችል የምንወስንበት ሴቲንግ ነው፣ 2ጂ ብቻ ይያዝ ወይ 3ጂም ይጨመርለት ወይስ እስከ 4ጂና 5ጂ ድረስ ያለውን ሁሉ ይሞክር የሚለው ማለት ነው። አዲስ ስልክ ብዙ ጊዜ አውቶ ላይ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ከላይኛው ትውልድ ይጀምርና ካጣ ወደ ታች ይወርዳል፣ አብዛኛው ሰው ደሞ ስልኩን እስኪቀይር ድረስ ይቺን ቦታ ከፍቷት አያውቅም። ኔትወርክ ሲያስቸግር ግን መጀመሪያ መታየት ያለባት እሷ ነች።

ትውልዶቹን በአጭሩ ለማየት፣ 2ጂ ጂኤስኤም በሚባለው የአሰራር ደረጃ መልኩ እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ላይ ተጀመረ፣ 3ጂ በ2001 ጃፓን ላይ፣ 4ጂ ኤልቲኢ በ2009 መጨረሻ ስቶክሆልምና ኦስሎ ላይ፣ 5ጂ ደሞ በ2019 በሰፊው ለገበያ መቅረብ ጀመረ። 2ጂ ለድምፅና ለሜሴጅ ታስቦ የተሰራ ነው፣ ኢንተርኔቱ በኋላ ነው የተጨመረበት፣ ስለዚ ከሲግናሉ ጎን ጂ ወይም ኢ የምትል ፊደል ካያችሁ በዛ ላይ ቪዲዮ መጠበቅ ከንቱ ነው። ኤች እና ኤች ፕላስ የሚሉት 3ጂ ናቸው፣ ኤልቲኢና 4ጂ ግን አብዛኛው ስልክ ላይ ያው አንድ ናቸው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ሲግናል ባሯ ላይ ነው። ባሩ ሙሉ ሆኖ አንድ ፎቶ ለመክፈት ሲሽከረከር ይቆያል፣ እኛም ስልኩ ተበላሸ እንላለን። ባሩ የሚነግረን ከታወሩ የሚመጣው ሞገድ ምን ያህል ጉልበት ይዞ እንደደረሰን ነው እንጂ ታወሩ ላይ ስንት ሰው እንደተደራረበ አይደለም፣ የአንድ ታወር አቅም ደሞ በአካባቢው ላሉ ሁሉ የሚከፋፈል ነው። ሁሉም ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ 4ጂው ላይ ሲጨናነቅ እዛው ታወር ላይ ያለው 3ጂ ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ስልኩ ግን ይሄን አይቶ በራሱ አይወርድም። በእንደዚ አይነት ሰዓት 3ጂ ላይ ማድረግ፣ ቁጥሩ ቢያንስም፣ ፈጣን ሊሆን ይችላል።

ሌላኛው ችግር ጠርዝ ላይ መሆን ነው። 4ጂው በጭላንጭል የሚደርስበት ክፍል ውስጥ ስልኩ 4ጂ ይይዛል፣ ይለቃል፣ 3ጂ ይገባል፣ እንደገና 4ጂ ይሞክራል፣ በተቀየረ ቁጥር ዳታው ቆም ይላል ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። እዚህ ጋ አንዱ ላይ ማሰር ነው የሚሻለው። የሲግናሉን ትክክለኛ መጠን ዲቢኤም በሚባለው የጉልበት መለኪያ ማየት ይቻላል፣ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው ነው ጠንካራው፣ 4ጂ ላይ ከ-90 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ-110 በታች ሲወርድ ግን መቆራረጥ ይጀምራል። ሲግናሉ በ3 በወረደ ቁጥር የሚደርሰን ጉልበት በግማሽ ወርዷል ማለት ነው፣ ለዛ ነው ከውስጠኛው ክፍል ወጥቶ መስኮት ጋ መቆም ብቻ እንዲህ ለውጥ የሚያመጣው።

አቀያየሩ ቀላል ነው። ሳምሰንግ ላይ ሴቲንግ፣ ኮኔክሽንስ፣ ሞባይል ኔትወርክስ፣ ኔትወርክ ሞድ፤ ሌሎች አንድሮይዶች ላይ ፕሪፈርድ ኔትወርክ ታይፕ ይባላል። አይፎን ላይ ሴሉላር ውስጥ ሴሉላር ዳታ ኦፕሽንስ ከዛ ቮይስ ኤንድ ዳታ ነው። ሁለት ሲም ካለ ለየብቻ ነው የሚስተካከለው። ብዙ አንድሮይድ ላይ መደወያው ላይ *#*#4636#*#* ሲፃፍ የተደበቀ ሜኑ ይከፈታል፣ ኤልቲኢ ኦንሊ (4ጂ ብቻ) የሚለው ምርጫ እዛ ነው ያለው፣ በሁሉም ስልክ ላይ ግን አይሰራም።

ኤልቲኢ ኦንሊ ላይ ግን በጣም ተጠንቀቁ። 4ጂ ሲሰራ ለዳታ ነበር የታሰበው፣ ስልክ ሲደወል መስመሩ ወደ 3ጂ ወይ 2ጂ ወርዶ ነው የሚያገናኘው፣ በራሱ በ4ጂ ላይ መደወል የሚቻለው ቮልቲ የሚባለው አገልግሎት ስልኩም ሲሙም ላይ ካለ ብቻ ነው። እኔ የእናቴን ስልክ ኢንተርኔቱ ይፍጠንላት ብዬ ኤልቲኢ ኦንሊ ላይ አድርጌላት ሄጄ ሁለት ቀን ሙሉ ስደውል አልገባ አለኝ፣ በጣም ነበር የተጨነቅኩት፣ ለካ ዳታው እየሰራ ጥሪ ብቻ ነው የተዘጋባት። ትልልቅ ሰዎች ስልክ ላይ ይሄን ነገር አታድርጉ፣ ብታደርጉም ደውላችሁ ሳትሞክሩ አትሂዱ።

2ጂን በተመለከተ ደሞ የደህንነት ጉዳይ አለ። 2ጂ ላይ ስልኩ ለኔትወርኩ ማንነቱን ያረጋግጣል እንጂ ኔትወርኩ ለስልኩ አያረጋግጥም፣ ስለዚ የውሸት ታወር ተክሎ ስልክን ማታለል ይቻላል። አንድሮይድ 12 ላይ 2ጂን ማጥፊያ የተጨመረው ለዚ ነው፣ የአደጋ ጥሪ ግን ቢጠፋም በ2ጂ ይሄዳል። በሌላ በኩል 2ጂ ሩቅ ይደርሳል፣ አንድ የጂኤስኤም ታወር በመደበኛ አሰራሩ እስከ 35 ኪሎሜትር ይሸፍናል፣ ሌላው ሁሉ በሌለበት ገጠር እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እዛ የሚኖር ሰው ባያጠፋው ይሻላል። 3ጂ ደሞ አንዳንድ ሀገር ላይ ጭራሽ ተዘግቷል፣ አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ድርጅቶች በ2022 ዘግተው ጨርሰዋል፣ እንደዛ ያለ ቦታ 3ጂ ኦንሊ ላይ ያለ ስልክ ምንም አይዝም።

ሞድ ከመቀየራችሁ በፊት ኤርፕሌን ሞድ አብርታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ አጥፉት፣ ስልኩ ኔትወርኩን እንደ አዲስ ስለሚፈልግ ብዙ ጊዜ እሱ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ አንድ ቦታ ላይ ተቀምጣችሁ በተመሳሳይ ሰዓት መጀመሪያ 4ጂ ከዛ 3ጂ ላይ ስፒድ ቴስት ሁለት ሁለቴ ሞክሩ፣ ቀንም ማታም፣ ማታ ላይ ብቻ 3ጂው የሚያሸንፍ ከሆነ ጠዋት ወደ አውቶ መመለሱን አትርሱ።